አርዌና ዘንዶው፦ የድንቅ መጻሕፍት ሥዕል ከአክሱም እስከ ጀምበር

ድንቅ ፍጥረታትን በየተራ እየጠሩ ጠባያቸውን የሚዘረዝሩ መጻሕፍት ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ከእነዚህ አንዱ በግሪክኛ የተጻፈው ፊሳልጎስ ሲሆን ወደ ግእዝ የተመለሰው በአክሱም ዘመን እንደሆነ ሊቃውንት ያምናሉ። አንበሳው፣ ዝሆኑ፣ ባለአንድ ቀንዱ አውሬና ከአመዱ የሚነሣው ፊንክስ በመጽሐፉ ተራ በተራ ይመጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ጠባይ ቀጥሎም መንፈሳዊ ትርጓሜው ይነገራል። ይኸው መጽሐፍ በላቲን በኩል ወደ ምዕራብ አውሮፓ ተሻግሮ በሥዕል ተሞላና የመካከለኛው ዘመን የአራዊት መጽሐፍ ሆነ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በአሜሪካ የታተሙት የምናብ ጨዋታ መጻሕፍትም የጭራቆቻቸውን ዝርዝር የወረሱት ከዚያ ዘር ነው። በኢትዮጵያ ግን ሥዕል መጀመሪያ ሥር የሰደደው በወንጌል ላይ ነበር።

በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት የብራና ወንጌሎች በራዲዮካርቦን ሲመረመሩ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን (እዚህም ሆነ ከዚህ በታች ዘመኑ የሚቆጠረው እንደ ጎርጎርዮስ ነው) ባለው ጊዜ የተዘጋጁ ሆነው ተገኝተዋል። ይህም በዓለም ላይ ከተረፉት ባለሥዕል ወንጌሎች ቀዳሚዎች ተርታ ያሰልፋቸዋል። ወንጌላውያኑ በሙሉ ቁመና ተሥለዋል፤ የማመሳከሪያው ሰንጠረዥ በዓምድና በቅስት ተከብቧል፤ ከቅስቶቹ በላይ ወፎች ሰፍረዋል። አንባቢ ቃሉ ላይ ከመድረሱ በፊት ወደ ቤተ መቅደስ እንደሚገባ ሰው በእነዚህ ዓምዶች ሥር ያልፋል። የኋለኞቹ ቁም ጸሐፊዎች በምዕራፍ ራስ ላይ የሚጎነጉኑት ሐረግም ተመሳሳይ አገልግሎት አለው፦ ከዚህ በኋላ ያለው ንባብ ተራ ንባብ እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጀምሮ ወንጌሎች በብዛት ሲጻፉ ሠዓሊዎቹ አንድ ትልቅ ጥያቄ ገጠማቸው። ቀራንዮ እንዴት ይሣላል? ይህ ስም በክርስቲያን ትረካ ውስጥ ከሁሉም የከበደው ቦታ ስም ነው። የዚያ ዘመን አንዳንድ ወንጌሎች የሰጡት መልስ ያስደንቃል። ሁለቱ ወንበዴዎች በግራና በቀኝ ታስረው ይታያሉ፤ መካከለኛው መስቀል ግን ባዶ ነው፤ ከበላዩ በግ ብቻ ተሥሏል። ደም የለም፣ የተሰቃየ አካል የለም። የገጹ ኃይል ከተተወው ነገር ይመጣል፤ አንባቢው ጎድሎ ያየውን በራሱ ልብ እንዲሞላው ተትቶለታል።

በዚያው ረጅም ዘመን ሌላ ሕግ ጸና፤ ጻድቅ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ያያል፣ ክፉ ሰውና ሰይጣን ግን በጎን ተሥሎ አንድ ዐይን ብቻ ይቀረዋል። ማንበብ የማይችል ምእመን እንኳ ገጹን ሲገልጥ ማን ከማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለያል። ይህ ሕግ ለድንቅ ታሪክ ጥቅምም ጉዳትም አለው። ጥርጣሬን ያጠፋል፤ መልኩን የሚለውጥ አታላይ፣ በመጨረሻ የሚጋለጥ ከዳተኛ በዚህ ሥዕል ውስጥ መሸሸጊያ የለውም። በምትኩ ምስሎቹ አንባቢውን የሚያዩት ይመስላል።

የድንቅ ታሪኮች ዋናው ማከማቻ ተአምረ ማርያም ነው። ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዳዊት ዘመን (1382–1413) ሲሆን ለንጉሡ የተዘጋጀው ቅጂ ሥዕሎች በወርቅ ያጌጡ ነበሩ። ልጃቸው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) መጽሐፉ በየበዓሉ በቤተ ክርስቲያን እንዲነበብ ሥርዓት ስለደነገጉ ተአምራቱ በሕዝቡ ጆሮ ገቡ። ከሁሉም የታወቀው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው፤ ሰባ ስምንት ሰው የበላ ሰው ለአንድ የተጠማ ድሃ በማርያም ስም ጥርኝ ውሃ ይሰጣል፤ በሞተ ጊዜ ነፍሱ በሚዛን ስትቀርብ ያቺ ጥርኝ ውሃ በእመቤታችን ጥላ ታግዛ ነፍሶቹን ሁሉ ትመዝናለች። ሠዓሊዎች ለዘመናት ወደዚህ ታሪክ ተመላልሰዋል። ጭራቁ ግን ብዙውን ጊዜ ቀንድም ክንፍም የለውም፤ የተሣለው እንደማንኛውም ሰው ነው። በላተኛው የሰው መልክ ስላለው ተመልካቹ ከእሱ ራሱን ማራቅ ይቸግረዋል፤ ምሕረቱም ለራሱ የሚደርሰው ይመስለዋል።

የዘርዓ ያዕቆብ ዘመን አንድን እምነት በሁለት ፍጹም የተለያዩ መልኮች አሳይቷል። የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን ለጣና ደሴቶች ገዳማት በሠራቸው የእንጨት ሥዕሎች ላይ ማርያም ለስላሳ ፊት አላት፤ እጇ አበባ ይዟል፣ አንገቷ ወደ ልጇ ዘንበል ይላል። በሌላ በኩል ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል ስግደትን ባለመቀበላቸው የተሰደዱት ደቂቀ እስጢፋኖስ በትግራይ አጋሜ በጉንዳ ጉንዶ ገዳም የጻፏቸውን መጻሕፍት በሌላ ዓይነት ሥዕል አስጌጡ። የሰው አካል ወደ ጥለት ተለውጧል፤ ልብሱ እንደ ተሰፋ ምንጣፍ ቀለም በቀለም ተከፋፍሏል፤ ዐይኖቹ እንደ ለውዝ ሾለው ከፊቱ ግማሹን ይይዛሉ። ፍሬ ጽዮን ተመልካቹን ወደ ጓዳ ያስገባል። የጉንዳ ጉንዶ ቅዱሳን ግን ከደጃፍ ያቆሙታል፤ ስደት የቀመሰ ማኅበር ቅዱሳኑን እንዲህ ጽኑና የማይነኩ አድርጎ ቢሥላቸው የሚገርም አይደለም።

በ1480ዎቹ ገደማ ኒኮሎ ብራንካሊዮን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ መጣ፤ በኢትዮጵያ መርቆሬዎስ ተብሎ ከአርባ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሠራ። ስለ እሱ የሚነገር አንድ ታሪክ የሥዕል ሥርዓት ምን ያህል በተመልካቹ ልብ እንደተጻፈ ያሳያል። ብራንካሊዮን ሕፃኑን በማርያም ግራ ክንድ ላይ ሣለው፤ ግራ የውርደት ወገን ተብሎ በሚታሰብበት አገር ይህ ቁጣ ቀሰቀሰ። ለቬኒሱ ሰው ጉዳዩ የአቀማመጥ ምርጫ ብቻ ነበር።

ከ1529 እስከ 1543 በቆየው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የሥዕሉን አቅጣጫ የለወጠው ከአውሮፓ የመጣ የታተመ ወረቀት ነው። በሮም የሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1590–91 ያሳተመው የዐረብኛ ወንጌል በአንቶኒዮ ቴምፔስታ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች የተሞላ ነበር። ጀሮኒሞ ናዳል የተባለው ኢየሱሳዊ ያዘጋጀው የወንጌል ሥዕል መጽሐፍ ደግሞ በ1611 ኢትዮጵያ ደርሶ ነበር። ኢየሱሳውያኑ በ1630ዎቹ ተባረሩ፤ ሥዕሎቻቸው ቀሩ። ከአገር የወጣው ሃይማኖት ትቶት የሄደው መልክ በደብተራዎች እጅ ገባና በጎንደር ዘመን አዲስ ሕይወት አገኘ።

መጀመሪያ የሆነው ግልበጣ ነበር። የጎንደር ሠዓሊ ከቴምፔስታ የሰዎቹን አቋቋምና አሰላለፍ ይወስዳል፤ ጥላውን፣ ሰማዩን፣ ርቀቱን ይተዋል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ የጎላውና የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል የሚባለው ይህ ነው፤ ባዶ ጀርባ፣ ደማቅ ቀይና ቢጫና ሰማያዊ፣ በጥቂት መስመር የተጨረሰ ፊት። አውሮፓዊው ሥዕል ክስተቱን ከሩቅ ያስቃኝ ነበር፤ የጎንደሩ ወደ ገጹ ፊት ስቦ ያመጣዋል። የጣሊያን ወታደር ራስ ቁሩን አውልቆ የአገር ልብስ ይለብሳል፤ ገበታው መሶብ ይሆናል። ይህን የመሰለ ቅሚያ ከልዩ ፈጠራ አያንስም።

ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል በዐፄ ኢያሱ ሁለተኛና በእናታቸው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን (1730–1755) አበበ። ፊቶች በጥላ ተሞልተው ሥጋ ለበሱ፤ ጀርባው ከቢጫ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ እየደበዘዘ ይፈስሳል፤ ልብሱ ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ባለጥለት ጨርቅ ያስመስላል። በጣና ሐይቅ ላይ በናርጋ ሥላሴ እቴጌይቱ ራሳቸው በማርያምና በሕፃኑ እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል። የመጀመሪያው አሣሣል ተአምሩን በእግዚአብሔር ዓለም ውስጥ ያኖረዋል። ሁለተኛው ወደ ቤተ መንግሥት እልፍኝ አውርዶታል፤ ጌጡ ከብዶ ተአምሩ ትንሽ የተጨነቀበት ገጽም አልፎ አልፎ አይጠፋም። በዚያው ዘመን በሐረር የሚጻፉት የቁርኣን ቅጂዎች ያለ አንድ የሰው ምስል፣ በጌጥና በቀለም ብቻ ለገጹ ክብር ይሰጡ ነበር።

ከቤተ መንግሥትም ከገዳምም ራቅ ብሎ ሌላ የሥዕል ዓለም ነበር፤ የክታቡ። ደብተራው ለታመመ ሰው ጠባብና ረጅም ብራና ያዘጋጃል፤ ከራስ እስከ እግር እንዲጠብቅ ርዝመቱ ብዙ ጊዜ ከባለቤቱ ቁመት ጋር ይስተካከላል። በጥቁርና በቀይ ቀለም ጸሎቱ፣ አስማቱ፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ በጦር ሲወጋት የሚያሳየው ታሪክ ይጻፋል። በመካከሉ ጠልሰሙ ይገባል፤ ከመረብ ውስጥ የሚያፈጡ ዐይኖች፣ ባለስምንት ጫፍ ኮከቦች፣ ሰይፍ የያዙ መላእክት፣ ከክበብ የሚወጡ ፊቶች። ሰሎሞን አጋንንትን ያጠመደበት መርበብት ከእነዚህ አንዱ ነው። ክታቡ በቆዳ ማኅደር ተሰፍቶ በአንገት ይንጠለጠላል ወይም በቤት ይሰቀላል።

የጠልሰም ተመልካች ማነው? የመጻሕፍት ሥዕል ሁሉ ለአንባቢ ይሣላል። ጠልሰም ግን በዋናነት የሚሣለው በታማሚው ውስጥ አለ ለተባለው መንፈስ ነው፤ መንፈሱ በሰውየው ዐይን አሻግሮ ያየውና ደንግጦ ይሸሻል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ ውበት አይጠየቅበትም፣ ታሪክም አይጠየቅበትም፤ ዐይኑ ካፈጠጠ ሥራውን ሠርቷል። የጠልሰም ስሜት ዛሬም ከመስተዋት ጀርባ በሙዚየም ላየው ሰው አይጠፋም። በ1997 በኒው ዮርክ የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ስለ ፈዋሽ ሥዕል ባዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ክታቦቹ እንደ ጥበብ ሥራ ለሕዝብ ቀርበዋል።

በ1868 ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ካሰባሰቧቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ለንደን ገቡ፤ የጎንደርን ሥዕል ለማየት ብሪቲሽ ላይብረሪ መሄድ ግድ የሆነበት ዘመን ከዚህ ይጀምራል።

አዲስ አበባ ስትቆረቆር ከጎጃምና ከጎንደር የመጡ ሠዓሊዎች አዲስ ደንበኛ አገኙ። የውጭ አገር ዲፕሎማቱና መንገደኛው ተጠቅልሎ በሻንጣ የሚገባ ሥዕል ፈለገ። ሠዓሊ በላቸው ይመር የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአቡጀዲ ላይ በተርታ ሣጥኖች ከፋፍለው በመሣል ቀዳሚ እንደሆኑ ይነገራል። የተለመደው አቀራረብ 44 ሣጥን አለው፤ በእያንዳንዱ ላይ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ይሰፍራል። ኮሚክስ የሚለው ቃል በአገሩ ከመለመዱ በፊት ኮሚክሱ በፒያሳ ይሸጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ታሪኩ የሚጀምረው ከንግሥቲቱ ከማክዳ አይደለም፤ ከአርዌ ነው። አክሱምን የሚገዛው ግዙፍ እባብ ከብትና ልጃገረድ በግብር ይቀበላል። አንጋቦ የተባለ ሰው ፍየል በመርዝ መግቦ ያቀርብለታል፤ አርዌ ይሞታል፤ ገዳዩ ይነግሣል። በሸራው ላይ አርዌ ረጅም፣ ወፍራምና በነጥብ ያጌጠ ነው፤ ነገር ግን የተሠራው ሰዎቹና ፍየሉ በተሠሩበት በዚያው ጥቁር መስመርና ጠፍጣፋ ቀለም ነው። ጨለማ የለም፣ ጭስ የለም፣ ካሜራ ከሥር ወደ ላይ አያየውም። ቀጥሎ ባለው ሣጥን ሕዝቡ ሲደሰት፣ ከዚያም ነጋዴው ታምሪን ግመሉን ሲጭን፣ ከዚያም ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ግብዣ ሲያደርግ ይታያል። ዘንዶው፣ ንግዱና ወጡ እኩል ሣጥን ስለተሰጣቸው እኩል እውነት ይመስላሉ። አርዌ ከአስፈሪነቱ ይልቅ ጨካኝ ገዢነቱ ጎልቶ የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው።

በ1921 በተቋቋመው በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት መጻሕፍት በብዛት መታተም ሲጀምሩ ብራና ገለል አለ፤ ከአውሮፓ የታተሙ ባለአንጸባራቂ ቀለም ቅዱሳት ሥዕሎችም በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ወርቃማ ጸጉርና ሰማያዊ ዐይን ያለው ቅዱስ ከኮልፌ እስከ ጉለሌ እንግዳ መሆኑ ቀረ። በ1957 ዓለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ሲከፍቱ ወጣት ሠዓሊ የሰውን አካል በአውሮፓ ሥርዓት የሚያጠናበት ቦታ ተገኘ።

ወደ ጠልሰሙ የተመለሰው ግን በፓሪስ የነበረው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን (1937–2003) ነው። በ1964 በሠራው «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ጨለማ ሰማይ ላይ ክንፍ ያላቸው፣ ወፍ ይሁኑ መንፈስ የማይለዩ ፍጥረታት ይንሳፈፋሉ። በሥራዎቹ የክታቡ ዐይኖችና መረቦች ከፈረንሳይ ሰርሪያሊዝም ጋር ተገናኝተዋል። ከ1966 እስከ 1969 በአዲስ አበባ አስተምሮ ኋላ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት መምህር ሆነ። ባሕላዊው ሠዓሊ ድንቁን በስም ይጠራዋል፤ ሣጥን ይሰጠዋል። እስክንድር ስሙን ነጥቆ ተመልካቹን ከማያውቀው ፍጥረት ጋር ብቻውን ተወው።

በ1974፣ በአዲስ አበባ አብዮት በፈነዳበት ዓመት፣ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለውን ጨዋታ አሳተሙ። ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የአንድን ባለታሪክ ሚና ይይዛሉ፤ አንዱ መሪ ሆኖ ዓለሙን በቃል ይተርካል፤ ትግሉን ዳይስ ይወስነዋል። ጨዋታው የሚካሄደው በቃል ስለሆነ የመጽሐፉ ሥዕል የተለየ ክብደት አለው፤ ሁሉም በየልቡ ለሚያየው ዓለም የጋራ መነሻ የሚሰጠው እሱ ነው። የመጀመሪያው እትም በሣጥን የታጨቁ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ነበር፤ 1,000 ቅጂ ታተመ። ሥዕሎቹ የአማተር እጅ ሥራ ሲሆኑ ከማርቭል ኮሚክስ የተገለበጡም ይገኙባቸዋል። የጎንደር ሠዓሊ ከቴምፔስታ እንደወሰደ እዚህም ወጣት ሠዓሊ ከእጁ ካለው መጽሐፍ ወሰደ። የአንዳንዶቹ ጭራቆች መነሻ ደግሞ በርካሽ የሚሸጡ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ነበሩ።

በ1977 የታተመው የጭራቆች መጽሐፍ በዴቪድ ሰዘርላንድና በዴቪድ ትራምፒየር የቀለም ብዕር ሥዕሎች ከ350 በላይ ፍጥረታትን ደረደረ፤ ፊሳልጎስ ያለ ትርጓሜው ማለት ነው። የመንፈሳዊው ምሥጢር ቦታ በጦርነት ቁጥሮች ተተካ። በ1978 ትራምፒየር ለተጫዋቾች መመሪያ የሠራው ሽፋን ግዙፍ ጣዖትና ከዐይኑ ዕንቁውን የሚፈለቅቁ ሁለት ሌቦችን ያሳያል፤ ጀግንነት የለበትም፣ የሥራ ቀን ይመስላል። ተጫዋቹም ራሱን የሚያየው እንደ ጀግና ሳይሆን ዕድሉን እንደሚሞክር ሰው ነው።

የሥዕል ስልት አንድን ጨዋታ እንዴት እንደሚለውጥ ግልጽ የሚያደርጉት ሁለት የጀማሪ ሣጥኖች ናቸው። በ1981ዱ ላይ ኤሮል ኦተስ ከውሃ የሚወጣ አረንጓዴ ዘንዶ ሣለ፤ ቀለሙ የሕልም፣ መስመሩ ጠምዛዛ ነው። በ1983 ላሪ ኤልሞር በዚያው ጨዋታ ሣጥን ላይ ቀይ ዘንዶ ሣለ፤ የቅርፊቱ ብርሃን፣ የጦረኛው ጡንቻ፣ የሀብቱ ክምር ፎቶግራፍ ይመስላሉ። ሕጉ እምብዛም ሳይለወጥ ዓለሙ ተለወጠ። የኦተስ ዘንዶ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ የኤልሞር ዘንዶ የሚገደል ነው፣ የሚገድለውም ተመልካቹ ነው። ከፒያሳው አርዌ ጋር ቢነጻጸሩ የሦስቱ ልዩነት ከአሣሣል ብቻ የመጣ አይደለም፤ አርዌ ሕዝብ አለው፣ የአሜሪካኖቹ ዘንዶዎች ግን ያሉት በዋሻና በረግረግ ነው።

ከዚያ በኋላ አሳታሚዎቹ ለእያንዳንዱ የጨዋታ ዓለም የራሱን እጅ መፈለግ ጀመሩ። በ1991 ሠዓሊው ብሮም ዳርክ ሰን ለተባለው የበረሃ ዓለም የደረቀና ጭካኔ የሞላበት መልክ ሰጠ፤ በ1994 ቶኒ ዲተርሊዚ ፕሌንስኬፕን በቀጭን መስመርና በውሃ ቀለም የተረት መጽሐፍ አስመሰለው። በ2000 የጨዋታው ሦስተኛ እትም ሽፋን ጭራሽ ሰው የሌለበት፣ በብረትና በዕንቁ የታሰረ ጥንታዊ የቆዳ ጥራዝ የሚመስል ሆነ።

በ2018 ኢታን ኮሚክስ የተባለው አሳታሚ ጀምበር የተሰኘውን ኮሚክስ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አወጣ፤ ጸሐፊው በሥራት ደበበ ሲሆን ታሪኩ ባልተጠበቀ ኃይል የተሞላ የአዲስ አበባ ወጣትን ይከተላል። አሣሣሉ የአሜሪካ የልዕለ ጀግና ኮሚክስ ነው፦ ጥላ፣ ጡንቻ፣ ከሥር ወደ ላይ የሚያይ ማዕዘን፣ ከሣጥኑ የሚያመልጥ አካል። በዚህ ሥርዓት ክፉውም በሁለት ዐይኑ አንባቢውን ማየት ይችላል፤ ስለዚህ ክታቡም ወንጌሉም ያልፈቀዱት ጥርጣሬ ወደ ታሪኩ ሊገባ ችሏል። የጠፋበትም አለ፤ የ44ቱ ሣጥኖች እኩልነት በጀግናው ግዝፈት ተውጧል። ስልቱ የተዋሰ መሆኑ ነቀፌታ የሚሆነው ጎንደርን ለሚረሳ ሰው ነው፤ ከናዳል መጽሐፍ መግባት እስከ ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ኢታን ኮሚክስ ከጀምበር ቀጥሎ ሃዊ የተባለችውን ሴት ጀግና ይዞ መጥቷል።